ሁለተኛው በር፦ ጎልማሳ አመልካቾች በመሸጋገሪያ ኮርስ ወደ ሕክምና ትምህርት የሚገቡበት ሥርዓት በእንግሊዝ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ በእንግሊዝ አገር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ዕድል ያመለጣቸው ጎልማሶች ወደ ሕክምና ትምህርት ለመግባት የሚጠቀሙበትን፣ ‹አክሰስ› በመባል የሚታወቀውን የመሸጋገሪያ ኮርስ ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ የመሸጋገሪያ ኮርስን ዋጋ የሚወስነው ኮርሱን የሚሰጠው ኮሌጅ ሳይሆን የምስክር ወረቀቱን የሚቀበለው የሕክምና ትምህርት ቤት ነው የሚል ነው። የብሔራዊ ጥራት ደረጃ መኖር ዕውቅናን አያስገኝም፤ የማመልከቻው የጊዜ ሰሌዳና የገንዘብ ድጋፉ ደንብም ለጎልማሳው ሁኔታ ታስበው የተቀረጹ አይደሉም። ጽሑፉ በመጨረሻ የእንግሊዙን አሠራር አገራችን በ2004 ዓ.ም. ከጀመረችው አዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር ጋር በአጭሩ ያነጻጽራል።

1. መግቢያ

ሐኪም ለመሆን የሚወስደው መንገድ በዓለም ላይ በሁለት ዐበይት ሥርዓቶች ይከፈላል። በአሜሪካና በአብዛኛው ካናዳ የሕክምና ትምህርት የሚጀመረው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው። በእንግሊዝና በኢትዮጵያ ግን ዋናው መግቢያ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቀጥሎ ያለው ነው። በሁለተኛው ሥርዓት ውሳኔው እጅግ በለጋ ዕድሜ ይወሰናል። በእንግሊዝ አንድ ተማሪ ለሕክምና የሚያበቁትን ኬሚስትሪና ባዮሎጂ መምረጥ የሚኖርበት በ16 ዓመቱ ገደማ፣ ‹ኤ ሌቭል› የተባለውን የሁለት ዓመት ትምህርት ሲጀምር ነው። በዚያ ዕድሜ መካሪ ያልነበረው፣ የታመመ፣ ቤተሰብ ማስተዳደር የነበረበት ወይም አገሩን ለቅቆ የተሰደደ ተማሪ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል።

ይህ ዕድል የሚያመልጣቸው ሰዎች እንደ አጋጣሚ ከየማኅበረሰቡ የተበተኑ አይደሉም። የእንግሊዝ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሪፖርት እንዳመለከተው፣ 80 በመቶ የሚሆኑት የሕክምና አመልካቾች የመጡት ከአገሪቱ ትምህርት ቤቶች 20 በመቶ ከሚሆኑት ብቻ ነበር። ስለሆነም የሁለተኛው በር ጉዳይ ከግለሰብ ምኞት አልፎ ሕዝብን የሚያክሙት እነማን ይሁኑ ከሚለው ጥያቄ ጋር ይያያዛል።

ጽሑፉ በመግቢያ መስፈርቶች፣ በትምህርት ብድር ደንቦችና በኮርሱ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ትኩረቱም የእንግሊዝ አሠራር ነው። ስኮትላንድ የራሷ ሥርዓት ስላላት በዚህ አልተካተተችም።

2. የኮርሱ አመጣጥና ይዘት

የመሸጋገሪያ ኮርሶች በይፋ የተስፋፉት እ.ኤ.አ. በ1978 የትምህርት ሚኒስቴሩ ሰባት የአካባቢ ትምህርት ባለሥልጣናት ለጎልማሶች ልዩ ኮርስ እንዲከፍቱ ከጋበዘ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ዓላማ ሕክምና አልነበረም። በተለይ ከአናሳ ማኅበረሰቦች የመጡ ጎልማሶችን ለመምህርነትና ለማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ ማብቃት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የመንግሥት የፖሊሲ ሰነድ ኮርሱን ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚያስገባ ሦስተኛ መንገድ አድርጎ ተቀበለው። ከ1997 ጀምሮም የጥራት ቁጥጥሩን የከፍተኛ ትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ኤጀንሲ ይዞታል።

ዲፕሎማው 60 ክሬዲት አለው። ከእነዚህ ውስጥ 45ቱ ከኤ ሌቭል ጋር በሚስተካከል ደረጃ የሚሰጡና ‹ፓስ›፣ ‹ሜሪት› ወይም ‹ዲስቲንክሽን› የሚል ውጤት የሚያዝባቸው ናቸው። የቀሩት 15 ክሬዲቶች ውጤት አይያዝባቸውም፤ ብዙ ጊዜም ለጥናት ክህሎትና ለመሳሰሉት ይውላሉ። ኮርሱ በሙሉ ጊዜ አንድ ዓመት፣ በትርፍ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይወስዳል። ለሕክምና የሚያዘጋጀው ዘርፍ ባዮሎጂና ኬሚስትሪን መሠረት አድርጎ ፊዚክስ ወይም ሒሳብን ይጨምራል። በዚህ ረገድ በስፋት ከሚታወቁት መካከል በኪንግስ ሊን ከተማ የሚገኘው የዌስት አንግሊያ ኮሌጅ ለሕክምና አመልካቾች ያዘጋጀው ኮርስ ይጠቀሳል።

3. የምስክር ወረቀቱና ተቀባዩ

የጥናቱ ዋና ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሣል። ኤጀንሲው የሚያረጋግጠው ዲፕሎማው ደረጃውን የጠበቀ መሆኑን ነው። ማንን እንደሚቀበል የሚወስነው ግን እያንዳንዱ የሕክምና ትምህርት ቤት በራሱ ነው። በመሆኑም ተመሳሳይ ዲፕሎማ የያዙ ሁለት አመልካቾች የተለያየ ዕጣ ሊገጥማቸው ይችላል። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ዲፕሎማውን በጠቅላላው ይቀበላል። ሌላው በስም ለይቶ ከዘረዘራቸው ኮሌጆች የመጣውን ብቻ ያያል። ሌላው ከዲፕሎማው ጎን ኤ ሌቭል ይጠይቃል፤ ጨርሶ የማይቀበልም አለ። ተቀባዮቹ ዘንድ ቢሆን የሚጠየቀው ውጤት ከፍተኛ ነው፤ 45ቱም ክሬዲት ወይም ከሞላ ጎደል ሁሉም ዲስቲንክሽን እንዲሆን የሚሹ አሉ።

ከዚህም ሌላ ዲፕሎማው የማይተካቸው መስፈርቶች አሉ። ተማሪዎች በ16 ዓመታቸው የሚፈተኑትን ‹ጂሲኤስኢ› በተለይ በእንግሊዝኛና በሒሳብ ማለፍ ብዙ ጊዜ ግዴታ ነው። ‹ዩካት› የተባለው የዝንባሌና የአስተሳሰብ ፈተናም በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ይፈለጋል። ከዚያ ቃለ መጠይቁ ይከተላል። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ቃለ መጠይቅ አመልካቹን በተከታታይ አጫጭር ጣቢያዎች እያዘዋወረ የሚመዝን ሲሆን፣ መጀመሪያ የተቀረጸው በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚህ ምዕራፍ ጎልማሳው ከወጣቱ ያላነሰ፣ አንዳንዴም የበለጠ ዕድል አለው። በአረጋውያን መጦሪያ የሠራ ወይም የታመመ ወላጅ ያስታመመ ሰው ስለ ርኅራኄ ሲጠየቅ የሚናገረው ከኖረው ነው።

ዕድሜ ራሱ ሕጋዊ መሰናክል አይደለም። እ.ኤ.አ. የ2010 የእኩልነት ሕግ በከፍተኛ ትምህርት ቅበላ ላይ በዕድሜ ምክንያት መድሎ እንዳይፈጸም ይከለክላል። ነገር ግን ሕጉ አንድን የምስክር ወረቀት እንዲቀበል ተቋምን አያስገድድም። ዕድሜን መከልከል ሲታገድ፣ ዕድሜ የገፋው ሰው የሚይዘውን ሰነድ አለመቀበል ግን ክፍት ሆኖ ቀርቷል።

4. የጊዜ ሰሌዳው ጫና

ከመስፈርቶቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው የቀን መቁጠሪያው ነው። ለምሳሌ ያህል አንዲት የ32 ዓመት የሕሙማን ረዳት በመስከረም ወር ኮርሱን ጀመረች እንበል። የሕክምና ማመልከቻ የሚዘጋው በጥቅምት 15 በፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን፣ የዩካት ፈተና የሚሰጠው ደግሞ ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ስለዚህ በዚያው ዓመት ለማመልከት ብትሻ ፈተናውን የምትወስደው ኮርሱን ሳትጀምር ወይም እንደጀመረች ነው። የምታመለክተውም ትምህርት ከጀመረች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይሆናል። መምህሯ የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍና የምታገኘውን ውጤት መገመት የሚኖርበት ገና አንድ ወይም ሁለት ሥራ ካረመላት በኋላ ነው።

አመልካች ለሕክምና በአንድ ዓመት ሊመርጥ የሚችለው አራት ትምህርት ቤቶችን ብቻ ነው። የሚቀበሏትን ትምህርት ቤቶች አስቀድማ ያልለየች አመልካች ከአራቱ ዕድሎች አንዱን ወይም ሁለቱን ዲፕሎማዋን ለማይመለከት ተቋም ልታባክን ትችላለች። አማራጩ ኮርሱን ጨርሶ በተረጋገጠ ውጤት ማመልከት ነው። ይህም አንድ ዓመት ይጨምራል።

ዓመት ለ18 ዓመት ወጣትና ለ32 ዓመት ጎልማሳ እኩል አይደለም። አንድ ዓመት መሸጋገሪያ፣ አምስት ዓመት ሕክምና፣ ከዚያ የሁለት ዓመት የመሠረት ሥልጠና ሲደመር ከላይ የጠቀስናት ሴት 40 ዓመት ይሞላታል። የአጠቃላይ ሐኪምነት ልዩ ሥልጠና ሦስት ዓመት ሲጨመርበት 43 ትሆናለች። የጠፋ የማመልከቻ ዓመት ከዚህ ስሌት ላይ የሚደመር ነው።

5. ገንዘብ

የብድር ደንቡ በአንድ በኩል ለጎልማሳው ያደላል። ከ19 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ለመሸጋገሪያው ኮርስ የሚወስደው ብድር የቤተሰብ ገቢ አይታይበትም። ዲፕሎማውን ይዞ ገብቶ የከፍተኛ ትምህርቱን ካጠናቀቀ ደግሞ የቀረው የኮርሱ ዕዳ ይሰረዛል። ለአምስት ዓመቱ ሕክምና የክፍያ ብድር ያለ ዕድሜ ገደብ ይገኛል፤ ከአምስተኛው ዓመት ጀምሮም ክፍያውን የጤና አገልግሎቱ ይሸፍናል።

በሌላ በኩል ግን ብድሩ የሚሰረዘው ላጠናቀቀ ሰው ነው። ዲፕሎማውን አግኝቶ የሚቀበለው ያጣ ሰው ዕዳው ይቀርበታል። ይኸውም ሥርዓቱ አደጋውን የሚያሸክመው ዕውቅና መስጠትም መከልከልም በማይችለው በተማሪው ጫንቃ ላይ መሆኑን ያሳያል። አስቀድሞ ዲግሪ ያለው ሰው በአምስት ዓመቱ ፕሮግራም ቢገባ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት የክፍያ ብድር አያገኝም። እንዲህ ላለው ሰው የሚሻለው እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው፣ ለዲግሪ ባለቤቶች የተዘጋጀው የአራት ዓመት ፕሮግራም ነው።

በእንግሊዝ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ሁለት ነጥቦች ሊለዩ ይገባል። የስደተኝነት ዕውቅና ያገኘ ሰው ሌሎች የሚጠየቁትን የሦስት ዓመት የነዋሪነት ቅድመ ሁኔታ ሳይጠብቅ ለትምህርት ብድር ማመልከት ይችላል። በአገሩ ሐኪም ሆኖ የተመረቀ ሰው ግን የመሸጋገሪያ ኮርስ መንገዱ አይደለም፤ የአገሪቱ የሐኪሞች ምክር ቤት ለውጭ ምሩቃን ያዘጋጀው ‹ፕላብ› የተባለ ፈተና አለ።

6. ንጽጽር፦ የኢትዮጵያ አዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር

መንግሥት የሐኪም እጥረትን ለማቃለል በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት የጀመረው መርሐ ግብር የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ተማሪዎች ከመደበኛው ባጠረ ጊዜ ለሕክምና ያበቃ ነበር። ከእንግሊዙ ጋር ሲነጻጸር ሁለት ልዩነቶች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ በእኛ አገር ኮርሱን የቀረጸው፣ ተማሪውን የተቀበለውና ምሩቁን የሚጠብቀው አካል አንድ ነው። ስለዚህ ‹ዲፕሎማዬን ማን ያየዋል?› የሚለው ጥያቄ አይነሣም። ሁለተኛ፣ በሩ የተከፈተው ዲግሪ ላለው ብቻ ነው። በ12ኛ ክፍል ፈተና ሳይሳካለት ቀርቶ ለዓመታት ሲሠራ የኖረ ሰው በዚህ በር አያልፍም። እንግሊዝ በሩን ለእንዲህ ያለው ሰው ከፍታ ዕውቅናውን በየተቋሙ በተነች፤ ኢትዮጵያ ዕውቅናውን ሰብስባ በሩን አጠበበች።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ ንጽጽር የሚወጣው ትምህርት ለሕክምና ብቻ የሚያገለግል አይደለም። ማንኛውም የመሸጋገሪያ መርሐ ግብር ሲነደፍ በቅድሚያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ‹ምን እናስተምር?› የሚለው ሳይሆን ‹ጨርሶ የሚመጣውን ማን በጽሑፍ ተስማምቶ ይቀበለዋል?› የሚለው ነው። በዚህ መሠረት ሦስት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ተቀባይ ተቋማት ዲፕሎማውን ስለ መቀበላቸው ተማሪው ከመመዝገቡ በፊት ግልጽ ዝርዝር ሊወጣ ይገባል። ሁለተኛ፣ የማመልከቻው ጊዜ ቢያንስ የአንድ መንፈቅ ውጤት ከተያዘ በኋላ እንዲሆን ቢደረግ ግምት በማስረጃ ይተካል። ሦስተኛ፣ ደረጃውን ባሟላ ውጤት ጨርሶ ቦታ ያጣ ተማሪ የኮርሱን ዕዳ ብቻውን ሊሸከም አይገባም።

ለአመልካቹም ምክሩ ከዚሁ ይመነጫል። ሥራ ከመልቀቅ በፊት የአራቱን ትምህርት ቤቶች የመግቢያ መስፈርት ማንበብ፣ ግልጽ ባልሆነው ላይ በደብዳቤ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ፣ የእንግሊዝኛና የሒሳብ ውጤትን ቀድሞ ማሟላት፣ ዩካትን ኮርሱ ከመጀመሩ በፊት ባለው ክረምት ማጥናት ያስፈልጋል። ሁለተኛ በር መኖሩ መልካም ነው። በሩ ከየትኛው ክፍል እንደሚያገባ ሳይጠይቁ መግባት ግን ለ32 ዓመት ሰው ውድ ዋጋ ያስከፍላል።