መንገዱ ጭር ሲል ሱቅዎ እንዳይዘጋ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በወሩ ማብቂያም የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ ታክሲና አውቶቡስ በግማሽ እንዲጭኑ ታዘዙ። አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው ሱቅ በሩን አልዘጋም፤ የጠፋው መንገደኛው ነበር። ትምህርት ቤት በር ላይ ያለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር፣ ታክሲ ማዞሪያ አጠገብ ያለ ቁርስ ቤት፣ የሙሽራ ልብስና የድግስ ዕቃ አከራይ ገበያቸው ቀጥ አለ። ደንበኛው ማን እንደሆነና የት እንደሚኖር የሚያውቅ የሰፈር ባለሱቅ ግን ሥራውን ቀጠለ።

ይህ ልዩነት ዛሬም ሊጠና ይገባል፤ መንገድ የሚዘጋው በበሽታ ብቻ አይደለምና። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማት ብዙ የፒያሳ ነጋዴዎችን ለዓመታት ከሠሩበት ቦታ አንሥቷል። ገቢዎ በደጃፍዎ በሚያልፈው ሰው ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ከሆነ፣ ያ ሰው መንገዱን በቀየረ ቀን ሥራዎም ይቆማል። እንግዲህ ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ ልብስ ስፌት ወይም የውበት ሳሎን ያላችሁ ሁሉ ከወዲሁ ልታደርጉት የሚገባው የሚከተለው ነው።

ደንበኛዎን ይመዝግቡ

የዱቤ መዝገብ ያለው ሁሉ የደንበኛ መዝገብም ሊኖረው ይገባል። ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ሰፈር፣ ዘወትር የሚወስደው ዕቃ፤ ይህን ለመያዝ አንድ ደብተር ይበቃል። ስልኩን የሚጠይቁት ለምን እንደሆነ ይንገሩት፤ ፈቃዱን ካገኙ በኋላም ቁጥሩን ለማንም አሳልፈው አይስጡ። ቀጥለው የቴሌግራም ቻናል ይክፈቱና አዲስ ዕቃ ሲገባ ፎቶውን፣ ልኩንና ዋጋውን አብረው ይለጥፉ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ልማድ ይተዉት። ገዢው ዋጋ ለማወቅ መለማመጥ አይፈልግም፤ ዋጋውን ወደ ጻፈው ሻጭ ያልፋል።

ማድረስን ከነወጪው ያስሉት

ዕቃን በሞተረኛ መላክ በወረርሽኙ ጊዜ ብዙ ሰው የለመደው ነገር ነው፤ ልማዱም እስከ ዛሬ ዘልቋል። ነገር ግን የማድረሻው ሒሳብ ትርፉን ከበላው፣ ብዙ በሸጡ ቁጥር ይከስራሉ። ለየሰፈሩ የማድረሻ ዋጋ አስቀድመው ይወስኑ፤ ማን እንደሚከፍልም ትእዛዙን ሲቀበሉ ይናገሩ። ዕቃው የማይበላሽ ከሆነ ትእዛዞችን በአቅጣጫ ያሰባስቡ፦ አንድ ቀን ለሲኤምሲና ለአያት፣ ሌላ ቀን ለለቡና ለጀሞ። ምግብ የሚሸጡ ደግሞ በመንገድ ላይ ጣዕሙንና መልኩን የማይለውጠውን ለይተው ለዚያ ብቻ ትእዛዝ ይቀበሉ።

ክፍያውን ያጣሩ

ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ጉሊት ላይ የተቀመጠች እናት ሳትቀር ትቀበልበታለች። ከቤትዎ ወጪ ጋር እንዳይቀላቀል ለንግዱ የተለየ ሒሳብ ይክፈቱ። ገዢው በስልኩ የሚያሳይዎትን ምስል ግን እንደ ደረሰኝ አይቁጠሩት፤ ምስል በቀላሉ ይቀነባበራል። ከቴሌብር ቁጥር 127 ወደ ራስዎ ስልክ መልእክት መግባቱን፣ ቀሪ ሒሳብዎም መጨመሩን ሳያዩ ዕቃ አይልቀቁ። ሱቁ ውስጥ ሠራተኛ ብቻ የሚውል ከሆነ፣ መልእክቱ የሚገባበት ስልክ ሱቁ ውስጥ መሆን አለበት።

የክፉ ቀን ገንዘብ ከዕቁብ ለይተው ያስቀምጡ

ዕቁብ ሱቅ ለማስፋትና ዕቃ ለማስገባት ጥሩ መንገድ ነው። ለድንገተኛ ችግር ግን አይታመንም፤ ችግሩ ዕጣዎ እስኪወጣ አይጠብቅም፤ ዕጣዎ ቀድሞ ወጥቶም ከሆነ ገቢ በሌለበት ጊዜም መክፈል ይጠበቅብዎታል። ስለዚህ የሦስት ወር ኪራይና ደመወዝ የሚሸፍን ገንዘብ ቀስ በቀስ በባንክ ያጠራቅሙ። ሦስት ወር ከከበደ በአንድ ወር ይጀምሩ።

በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተከልክሎ ነበር። እንዲህ ያለው ከለላ ሁልጊዜ አይኖርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአቅም በላይ ስለሆነ ኃይል የሚደነግገው አለ፤ ሆኖም ነገሩን ለፍርድ ቤት ከማቆየት ቀድሞ መዋዋል ይሻላል። የኪራይ ውልዎን ሲያድሱ፣ መንግሥት ሥራ ቢያስቆም ወይም መንገዱ ለግንባታ ቢዘጋ ኪራዩ እንዴት እንደሚሆን በጽሑፍ ይስማሙ። አከራዩ ሙሉ በሙሉ ባይተውልዎ እንኳ ግማሹን ማዘግየት ትልቅ እፎይታ ነው።

አንድ አቅራቢ ላይ አይደገፉ

በዚያው በ2012 ዓ.ም. መጨናነቅን ለመቀነስ የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በኋላም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄደ። ሽንኩርትና ቲማቲም ከዚያ የሚያመጣ ቸርቻሪ ሁሉ የመጓጓዣ ሒሳቡን እንደገና መሥራት ነበረበት። ለዋና ዋና ሸቀጦችዎ ቢያንስ ሁለት አከፋፋይ ይያዙ፤ ከሁለተኛው በየጊዜው ጥቂት ይግዙ። ጨርሶ የማያውቅዎ አከፋፋይ ዕቃ በጠፋ ሰዓት ቅድሚያ አይሰጥዎትም።

በክፉ ቀን ዋጋ አይቆልሉ

በሽታው መግባቱ በተሰማ ሰሞን ጭምብል፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ዋጋቸው ጣሪያ ነካ፤ ዋጋ ያናሩ ሱቆችም ታሸጉ። እሽጉ ይነሣል፤ የጎረቤት ቅሬታ ግን ይቆያል። የእርስዎ መግዣ ከጨመረ ምክንያቱን ለደንበኛዎ ያስረዱ፤ ካልጨመረ በቀድሞው ዋጋ ይሽጡ። በዚያ ሳምንት የሚያገኙት ትርፍ ለዓመታት አብሮዎት የኖረን ደንበኛ አይተካም።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማድረግ አይቻልም፤ አይጠበቅብዎትምም። ዛሬ ማታ ሱቅዎን ከመዝጋትዎ በፊት አዘውትረው የሚመጡ የ20 ደንበኞችን ስም ይጻፉ፤ ስልካቸውን የያዙላቸውንና ያልያዙላቸውን ይለዩ። ያልያዙትን በዚህ ሳምንት ይሙሉ። የተቀረው ሥራ ሁሉ በዚህ መዝገብ ላይ ይገነባል።