ለጧሪውስ ማን ይድረስለት? ኮምፒውተርና የአረጋውያን እንክብካቤ በቤት ውስጥ



ወላጅን በእርጅናው ዘመን ከቤት አስቀምጦ መጦር በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ የሚያከራክር ጉዳይ አይደለም። ቁርኣን በሱረቱል ኢስራእ አላህን ብቻ የመገዛትን ትእዛዝ ተከትሎ ያሰፈረው የወላጅን ሐቅ ነው። በየመስጊዱ በሚሰጡ ትምህርቶችም ይህ ሐቅ በተደጋጋሚ ይነሳል። ይሁንና ስለ ተጧሪው ሐቅ የምንናገረውን ያህል ስለ ጧሪው ድካም ስንናገር አይሰማም። ሌሊት ሦስት ጊዜ የምትነሳው፣ ከአልጋ የምታነሳውና የምታገላብጠው፣ መድኃኒቱን ቆጥራ የምትሰጠው ማን ናት? አብዛኛውን ጊዜ ሴት ልጅ ናት፤ ካልሆነም ምራት ናት። ወንድሞች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ዱዓ ያደርጋሉ፤ በዒድ ቀን መጥተው እጅ ይስማሉ። የቀረው 360 ቀን የእሷ ነው።

ይህ የእኛ ሰፈር ወሬ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚገኙ ናቸው። ቤተሰብና ወዳጅ የሆኑ አስታማሚዎች እ.ኤ.አ. በ2019 በአማካይ በቀን 5 ሰዓት ለዚህ ሥራ ያውሉ ነበር። ለእነዚህ ሕመምተኞች ከሚሰጠው የእንክብካቤ ሰዓት ውስጥ 70 በመቶው የሚሸፈነው በሴቶች ነው። እንግዲህ ጥያቄው፣ ዛሬ ከትንሽ እስከ ትልቅ በየኪሱ የያዘው ኮምፒውተር (ስልካችን ኮምፒውተር መሆኑን ልብ ይሏል) ለዚህች ጧሪ ምን ሊያደርግላት ይችላል? ምንስ ሊያደርግላት አይችልም? የሚል ነው። ሦስት ነገሮችን አንስቼ ወደ ራሳችን ጓዳ እመለሳለሁ።

አንደኛ፦ የክሊቭላንድ ሙከራ

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በክሊቭላንድ ከተማ፣ በ1980ዎቹ ማብቂያና በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ፓትሪሻ ፍላትሊ ብሬናን የተባሉ የነርሲንግ ምሁር ‹‹ኮምፒውተርሊንክ›› የተሰኘ ሥራ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ዛሬ የምናውቀው ኢንተርኔት በየቤቱ አልገባም። እሳቸው ግን የአልዛይመር ሕመምተኛን በቤታቸው ለሚያስታምሙ ሰዎች መስኮትና መጻፊያ ያለው ቀላል ተርሚናል ሰጥተው በስልክ መስመር አማካይነት በከተማዋ ከነበረው የነፃ ኮምፒውተር መረብ ጋር አገናኟቸው። አገልግሎቱ ሦስት ክፍል ነበረው። አንዱ ስለ ሕመሙ የሚያስረዳ የዕውቀት ማከማቻ ነው። ሁለተኛው አስቸጋሪ ውሳኔን ደረጃ በደረጃ ለማሰብ የሚረዳ ፕሮግራም ነው። ሦስተኛው ደግሞ አስታማሚዎች እርስ በርሳቸውና ከነርስ ጋር የሚጻጻፉበት የመገናኛ ክፍል ነው። ከሦስቱ ብዙ ሰው የተጠቀመው በዚህ በመጨረሻው ነበር።

ነገሩ የሚያስገርም አይደለም። ሌሊት አባቷ በር ከፍቶ ሊወጣ ሲታገላት ያደረች ሴት በቅድሚያ የምትፈልገው መጽሐፍ ሳይሆን ‹‹እኔም ቤት እንዲሁ ነው›› የሚላት ሰው ነው። አገልግሎቱ ሃያ አራት ሰዓት ክፍት ስለነበር፣ ሕመምተኛው እንቅልፍ በወሰደው ሰዓት ቁጭ ብላ ልትጽፍ ትችላለች።

በ102 አስታማሚዎች ላይ ለ12 ወራት የተካሄደው የዚህ ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1995 ታተመ። ያገኙት ነገር ለእኛም ትምህርት ይሆናል። መረቡን የተጠቀሙት አስታማሚዎች በሚወስኑት ነገር ላይ ያላቸው መተማመን ጨምሯል፤ የመወሰን ችሎታቸው ግን ካልተጠቀሙት የተለየ ሆኖ አልተገኘም። ማለትም መሣሪያው ልብ ያጸናል፤ ሙያ ግን በራሱ አያስተምርም። ለሙያው ትምህርትና አስተማሪ ያስፈልጋል። ብሬናን ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2023፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ዳይሬክተር ሆነው ሠርተዋል።

ሁለተኛ፦ የጃፓኑ ፔርሙዝ

ጃፓን አረጋውያን የበዙባት አገር ናት። ብዙዎቹም ብቻቸውን ይኖራሉ። ዞጂሩሺ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ አገልግሎት ጀመረ። ጃፓናውያን አረጋውያን ሻይ ለማፍላት በቀን ደጋግመው የሚጠቀሙበትን የኤሌክትሪክ ፔርሙዝ ወስዶ በውስጡ የመገናኛ መሣሪያ አኖረበት። አረጋዊቷ ውሃ በቀዱ ቁጥር ይመዘገባል፤ ሌላ ከተማ ላለው ልጃቸውም በኢሜይል መልእክት ይደርሰዋል። ልጁ ‹‹እናቴ ዛሬም ሻይዋን ጠጥታለች›› ብሎ ያድራል። መልእክቱ ባዶ ከሆነ ይደውላል።

የዚህ ሐሳብ ብልኅነት አረጋዊቷን አዲስ ነገር አለማስጠናቱ ነው። የሚነኩትም የሚያውቁትን ዕቃ ነው፤ ካሜራም የለበትም። በእኛ አገር ይህን ሥራ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራው ጎረቤት ነው። ረፋዱ ላይ የቡናው ሽታ ካልመጣ ‹‹ምን ሆነው ይሆን?›› ብሎ በር የሚያንኳኳው እሱ ነው። መሣሪያውን ከመግዛታችን በፊት ጎረቤቱ አሁንም መኖሩን እንጠይቅ። ካለ የስልክ ቁጥሩን በውጭ ያለው ልጅም ይያዝ። መብራት ሲቋረጥ የኤሌክትሪኩ ፔርሙዝ ዝም ይላል፤ ጎረቤት ግን ያንኳኳል።

ሦስተኛ፦ የአስታማሚ ትምህርት

የዓለም ጤና ድርጅት ‹‹አይሰፖርት›› የተሰኘ የመርሳት ሕመምተኛ አስታማሚዎችን የሚያሠለጥን ትምህርት አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2019 አውጥቷል። ትምህርቱ በኮምፒውተርና በስልክ የሚሰጥ ሲሆን መረብ ለሌለው ሰው በመጽሐፍ መልክም ታትሟል። አምስት ክፍሎች አሉት። እነሱም ሕመሙ ምንድን ነው፣ አስታማሚ መሆን ምን ማለት ነው፣ አስታማሚው ራሱን እንዴት ይጠብቅ፣ የዕለት ተዕለት እንክብካቤ እንዴት ይሰጥ፣ የጠባይ ለውጥ ሲመጣስ ምን ይደረግ የሚሉት ናቸው።

ይህ የመጨረሻው ክፍል በእኛ ቤቶች ውስጥ ትዳር ሊያድን የሚችል ነው። ገንዘባቸውን ከትራስ ሥር ደብቀው የረሱ እናት ‹‹ምራቴ ሰረቀችኝ›› ማለታቸው በዚህ ሕመም ዘንድ የታወቀ ምልክት ነው። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ምራቲቱን ይጠረጥራል፤ ወይም እናትየውን ‹‹ክፉ ሆኑ››፣ ‹‹ጂን ነካቸው›› ይላል። የሚያውቅ ቤተሰብ ግን ከመከራከር ይልቅ አብሮ ይፈልጋል፤ ሲገኝም ‹‹አልሐምዱሊላህ፣ ተገኘ›› ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል። በዚህ ረገድ ቋንቋ የሚያውቁ፣ የነርስነት ወይም የሕክምና ትምህርት ያላቸው ወንድሞችና እህቶች ትልቅ ሥራ ይጠብቃቸዋል። አንድ ትምህርት በድምፅ ተቀርጾ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ቢተላለፍ ማንበብ የማትችል አስታማሚም ትጠቀምበታለች።

ወደ ራሳችን ጓዳ ስንመለስ

ብዙ ወጪ ሳይጠይቁ ዛሬውኑ ሊጀመሩ የሚችሉ ነገሮችን ልጥቀስ።

ሀ) የመድኃኒት ሰዓት። የስልክ ማንቂያ ጥሩ ረዳት ነው፤ ነገር ግን በእኛ አገር አንድ ወጥመድ አለው። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት ከተሞላ ‹‹ጠዋት 2 ሰዓት›› የተባለውን መድኃኒት 2 ብሎ የሞላ ሰው ማንቂያው የሚጮኸው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ጨምሮ 8 ብሎ መሙላት ይገባል። ለአረጋውያኑ ደግሞ ከማንኛውም ደወል የበለጠ የሚታወሳቸው አዛን ነው። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒትን ከሱብሂና ከመግሪብ ጋር ማያያዝ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ በአገራችን በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ወደ 13 ሰዓት ገደማ ነው። ረመዷን ሲገባ ግን የመድኃኒቱን ሰዓት በራስ ፈቃድ መቀየር አይገባም፤ ከጾሙ በፊት ሐኪም ማማከር ግድ ነው።

ለ) የደም ግፊት። በክንድ ላይ የሚታሰረው ኤሌክትሮኒክ መለኪያ በእጅ አንጓ ላይ ከሚታሰረው ይመረጣል። ከመለካቱ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አይጠጣ። አረጋዊው ጀርባቸውን አስደግፈው፣ እግራቸውን መሬት አስረግጠው፣ 5 ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ክንዳቸውም በልብ ትይዩ ይሁን። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ተለክቶ ቁጥሩ ከነቀኑ ይጻፍ። ይህ መዝገብ በስልክም ይያዝ በደብተር፣ ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርብ ‹‹ደህና ናቸው›› ከሚል ወሬ የበለጠ ይናገራል።

ሐ) የመድኃኒቱን ካርቶንና የሐኪሙን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስቶ መያዝ። በድንገት ሌሊት ሆስፒታል ሲኬድ ‹‹ምን ይወስዳሉ?›› ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናል።

የካሜራ ነገር

በውጭ አገር ያሉ ልጆች በቅን ልቦና ካሜራ ልከው በወላጃቸው ክፍል እንዲሰቀል ያደርጋሉ። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ቆም ብለን ልናስብ ይገባል። ሱረቱ ኑር የሰው ቤት ሳያስፈቅዱ መግባትን ከልክሏል። ከዚያም አልፎ በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ አገልጋዮችና ትናንሽ ልጆች እንኳ ከሱብሂ በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚወልቅበት ጊዜና ከዒሻ በኋላ እንዲያስፈቅዱ ደንግጓል። ታዲያ ማስፈቀድ በእግር ለሚገባ ብቻ ሆኖ በካሜራ ለሚገባ ይቀራልን? እኔ አይመስለኝም። አረጋዊቷ የሚታጠቡበትና ልብስ የሚለውጡበት ክፍል ውስጥ ዓይን ተክሎ ማደር ሐያቸውን መንካት ነው። አገልጋይቱን ወይም ምራቲቱን ለመሰለል ሲሆን ደግሞ ሌላ በደል ይጨመርበታል። የግድ ካስፈለገ አረጋዊቷ ያውቁ፤ ይፍቀዱ። ካሜራው ከመኝታና ከመታጠቢያ ክፍል ውጪ ይሁን። ማን እንደሚያይም ይወሰን። መርሳት ስለጀመራቸው ብቻ ክብራቸው አይቀንስም።

ከሁሉም በላይ ግን መሣሪያ ተራ አይቀበልም። ስልክ መድኃኒት ያስታውሳል እንጂ ታፋ ላይ የወጣ የአልጋ ቁስል አያጥብም። ፔርሙዝ መልእክት ይልካል እንጂ አያገላብጥም። ካሜራ የወደቀን ያሳያል እንጂ አያነሳም። አንድ ወንድም ‹‹መሣሪያ ገዝቼ ልኬያለሁ›› ብሎ ድርሻውን እንደተወጣ ከቆጠረ፣ መሣሪያው የእህቱን ሸክም አላቀለለም፤ የእሱን ሕሊና ብቻ አቀለለ። ስለዚህ በስልካችን ቀድመን ልንሞላው የሚገባው ማንቂያ ምናልባት ይህ ነው፦ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ እሑድ ከሱብሂ እስከ ዙህር፣ ተራው የወንድም ይሁን። እህት ትተኛ፤ ትታጠብ፤ ዘመድ ትጠይቅ። በሌላ ከተማ ያለው ደግሞ ለአንድ ቀን የምትተካ ሰው ቀጥሮ ይክፈል። የወላጅ ሐቅ በሁሉም ልጆች ጫንቃ ላይ ያለ ነው፤ በአንዷ ላይ ተጭኖ ሌሎቹ አጅሩን ሊካፈሉ አይችሉም።

አላህ ወላጆቻችንን በመልካም ለመካደም፣ ካዳሚዎቻቸውንም ለማገዝ ይወፍቀን። ወሏሁ አዕለም።