ያላያትን ደሴት የጻፈው ሰው

በዛሬው የዕውቀት አምዳችን አንድ ሰው ከጭንቅላቱ አውጥቶ ስለፈጠረው የደሴት አገር እንማራለን። ደሴት ማለት በኅብረተሰብ ትምህርት እንደተማርነው ዙሪያዋን በውኃ የተከበበች መሬት ናት። ይቺኛዋ ግን ለየት ትላለች። ደሴቷ በካርታ ላይ አለች፤ ሰውዬው የጻፈው ባህል ግን የለም! እንዴት? አብረን እንይ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውዬው ማን ነበር?

ጆርጅ ሳልማናዛር ይባላል። ይህም ራሱ ያወጣው ስም እንጂ እውነተኛ ስሙ አይደለም። ወላጆቹ ያወጡለትን ስም ሳይናገር ሞቷል። የተወለደው በደቡብ ፈረንሳይ እንደሆነ ይገመታል። በ1703 ለንደን ገባና «እኔ የፎርሞሳ ተወላጅ ነኝ» አለ። ፎርሞሳ ዛሬ ታይዋን የምንላት ደሴት ናት፤ ከቻይና በስተምሥራቅ ትገኛለች። በዚያ ዘመን ለንደን ውስጥ ፎርሞሳን ያየ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። ሰዎች «ታዲያ ቆዳህ ለምን ነጣ?» ሲሉት፣ «የአገሬ ባለጸጎች ከመሬት በታች ስለሚኖሩ ፀሐይ አያገኛቸውም» ብሎ መለሰ። መልስ አያጣም ነበር!

ምን ምን ፈጠረ?

በ1704 ስለ ፎርሞሳ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በውስጡም፦
- ራሱ የፈጠረውን ፊደልና ቋንቋ አስገባ።
- ዓመቱን በ10 ወር ከፈለው።
- የቤቶቹን፣ የልብሶቹንና የገንዘቡን ሥዕል ጨመረ።
- በየዓመቱ 18,000 ወንዶች ልጆች ለአምላክ ይሠዋሉ ብሎ ጻፈ።

ሰው ፊት ደግሞ ጥሬ ሥጋ ይበላ ነበር። ለእኛ ጥሬ ሥጋ ብርቅ አይደለም፤ ለለንደን ሰዎች ግን ጉድ ነበር። «እንዲህ የሚበላ ሰው ከሩቅ አገር ቢመጣ ነው እንጂ!» አሉ። መጽሐፉም ተነበበ።

ውሸቱ እንዴት ይታወቃል?

ፎርሞሳ ድረስ ሳይሄዱ ውሸቱን ማወቅ ይቻል ነበር። ሦስት መንገዶችን እንይ።

1ኛ. ማስደገም። አንድ የጦር ሠራዊት ቄስ የላቲን ጽሑፍ ሰጥቶ ወደ ፎርሞሳ ቋንቋ አስተረጎመው። ከዚያም ያንኑ ጽሑፍ እንደገና አስተረጎመው። ሁለቱ ትርጉሞች አልተመሳሰሉም! የተፈጠረ ቃል እኮ ቶሎ ይረሳል። የሚያሳዝነው ግን ቄሱ ውሸቱን ካወቀ በኋላ አላጋለጠውም፤ ይባስ ብሎ ተባበረው።

2ኛ. ማስላት። በዓመት 18,000 ከሆነ በ10 ዓመት ስንት ይሆናል? 18,000 × 10 = 180,000። በ50 ዓመትስ? 900,000። በአንዲት ደሴት ላይ ይህን ያህል ወንዶች ልጆች እያለቁ ሕዝቡ እንዴት ይኖራል? ሒሳብ ለፈተና ብቻ አይደለም ማለት ነው።

3ኛ. ከተፈጥሮ ጋር ማመሳከር። ኤድመንድ ሃሌይ የሚባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ (በስሙ የሚጠራ ጅራታም ኮከብ አለ) አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀው፦ «በአገርህ ፀሐይ በጭስ መውጫው ቀጥታ ወደ ቤት ውስጥ ትገባለች?» ሳልማናዛር «አትገባም» አለ። ትሮፒክ ኦፍ ካንሰር የሚባለው መስመር በታይዋን ላይ ስለሚያልፍ፣ እዚያ በዓመቱ ውስጥ ፀሐይ አናት ላይ ወይም ወደ አናት በጣም ቀርባ የምትሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በቀጥታ ጭስ መውጫ መግባት ነበረባት። ሃሌይ ይህን ሲነግረው «የእኛ ጭስ መውጫ ጠማማ ነው» አለ። አያችሁ? አንዱን ውሸት ለማዳን ሌላ ውሸት!

ልብ ወለድና ውሸት አንድ ናቸው?

አይደሉም። ሳልማናዛር በኋላ ሳሙኤል ጆንሰን የሚባል ታዋቂ ደራሲ ወዳጅ ነበረው። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ ሳያይ በ1759 «ራሴላስ» የሚል የአንድ ኢትዮጵያዊ ልዑል ታሪክ ጽፏል። እሱ ግን ልብ ወለድ መሆኑን አንባቢው እንዲያውቅ አድርጎ ነው የጻፈው፤ «እዚያ ተወልጄ ያየሁት ነው» አላለም። አገር መፍጠር ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የፈጠሩትን «እውነት ነው» ብሎ ለሰው መስጠት ነው።

ማን ተጎዳ?

«ለንደን ውስጥ ቢዋሽ ማንን ጎዳ?» የሚል ይኖራል። በፎርሞሳ ግን እውነተኛ ሰዎች ይኖሩ ነበር። አሚስ፣ አታያልና ፓይዋን የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ዛሬም በታይዋን አሉ፤ የየራሳቸው ቋንቋና ባህል አላቸው። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ስለ ደሴቷ ሰዎች የያዘው «ልጆቻቸውን የሚሠዉ ናቸው» የሚለውን ነው። እነሱ ግን ስማቸው እየጠፋ እንደሆነ እንኳ አልሰሙም፤ መልስ የሚሰጡበትም መንገድ አልነበራቸውም። ስለ ሌላ ሕዝብ ወይም ስለ ሌላ ሰፈር ልጆች የሰማነውን ወሬ ሳናጣራ ብናወራ እኛም ይህንኑ እናደርጋለን።

ሳልማናዛር በ1763 ሞተ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1764፣ የታተመው የሕይወት ታሪኩ ሁሉንም ከራሱ እንደፈጠረው ያምናል። ከመጽሐፉ 60 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ለዚህ ነው።

መልመጃ

ሀ. ዛሬ ከሰማችሁት ወሬ አንዱን ምረጡ። ማን አየው? ሲደገም ይለወጣል? ቁጥሩስ ያስኬዳል?
ለ. አገራችንም ከትሮፒክ ኦፍ ካንሰር በስተደቡብ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናታችን ላይ ትሆናለች። አዲስ አበባና አካባቢዋ ያላችሁ በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ቀጥ ያለ እንጨት ሜዳ ላይ ትከሉ። ጥላው የት ገባ?
ሐ. ስሟን ራሳችሁ ያወጣችሁላትን ደሴት ፍጠሩና ስለ ባህሏ አንድ ገጽ ጻፉ። ከላይ ግን «ልብ ወለድ» ብላችሁ መጻፍ እንዳትረሱ!