ለመጀመሪያ ካሜራ 300 ዶላር ቢኖራችሁ

ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ካሜራም ያውቃል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው መሰለኝ፣ ሊቶኒያና ክላርክስተን አካባቢ ያሉ ልጆች ካሜራ ሊገዙ ሲሉ ለእኔ ይደውላሉ። በቅርቡ የደወለው የአክስቴ ልጅ ነው። ከመጋዘን ሥራው 300 ዶላር ቆጥቧል። የእህቱ ልጅ 80 ቀኗ ሊሞላ ነው፤ ክርስትናዋን ራሱ ሊያነሳ፣ ከዚያም ልደትና ምርቃት እያነሳ የኮሌጅ መጽሐፍ መግዣ ሊያገኝ አስቧል። የላከልኝ ሊንክ ላይ ያለው አዲስ ካሜራ 120 ዶላር ነው፤ "48 ሜጋፒክሰል፣ 16 እጥፍ ዙም" ይላል። የአምራቹን ስም ሰምቼው አላውቅም። "አትግዛው" አልኩት። ክርስትና ደግሞ አይደገምም።

ምክንያቱ የሚጀምረው ከሴንሰሩ ነው። ሴንሰር ማለት ከሌንሱ ኋላ ተቀምጦ ብርሃን የሚቀበለው ቺፕ ነው። ዝናብ ላይ ሲኒና ሳፋ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የትኛው ብዙ ውኃ እንደሚይዝ መናገር አያስፈልግም፤ ብርሃንም እንዲሁ ነው። በትንንሽ ርካሽ ካሜራዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሴንሰር 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቱ 28 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል። የካነን የጀማሪ ዲኤስኤልአር ሴንሰር 22.3 በ14.9 ነው፤ 332 ካሬ ሚሊሜትር። 12 እጥፍ ማለት ነው። 48 ሜጋፒክሰል የሚለው ጽሑፍ ይህን አይነግራችሁም። በእንደነዚህ ባሉ ካሜራዎች ላይ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አነስተኛውን ምስል በሶፍትዌር በመለጠጥ ነው። ኮድ የምትጽፉ ታውቁታላችሁ፤ ምስልን ሪሳይዝ አድርጎ ማሳደግ ያልነበረ መረጃ አይፈጥርም።

ለመሆኑ ስንት ሜጋፒክሰል ይበቃል? አልበም ውስጥ የምናስገባው 4 በ6 ኢንች ፎቶ በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 1200 በ1800 ፒክሰል ነው፤ 2.2 ሜጋፒክሰል እንኳ አይሞላም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው 8 በ10 ኢንች 7.2 ይፈልጋል። ከ10 ዓመት በፊት የወጣ 18 ሜጋፒክሰል ካሜራ ከበቂ በላይ ነው።

ቀጥሎ ሌንሱ። እኛ ፎቶ የምናነሳው የት እንደሆነ አስቡት፦ ማታ ቡና ሲፈላ ሳሎን ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን በጧፍ ብርሃን፣ መብራቱ ደብዘዝ ባለ አዳራሽ። ከጀማሪ ካሜራ ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ ዙም ሲደረግ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 5.6 ድረስ ብቻ ነው። ኤፍ 1.8 የሚከፈት ሌንስ ግን 5.6ን ለ1.8 አካፍላችሁ ውጤቱን በራሱ ብታባዙት፣ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በመጀመሪያው በሰከንድ 1/15 ማንሳት ግድ በሚሆንበት ክፍል፣ በሁለተኛው ከ1/125 በላይ ፍጥነት ታገኛላችሁ። በ1/15 የሚንቀሳቀስ ሕፃን እጁ እንደ ጭጋግ ይወጣል፤ በ1/125 ይታያል። ፍላሽም ካህኑ ፊት ላይ ማብራት አያስፈልግም።

ስለዚህ የእኔ ምክር ገንዘቡን ሁሉ ቦዲው ላይ አታፍስሱ ነው። ያገለገለ ዲኤስኤልአር ፈልጉና ለሌንስ አስቀሩ። ካነንም ኒከንም ከ2018 ወዲህ መስታወት አልባ ለሆኑት ካሜራዎች አዲስ የሌንስ መግጠሚያ አውጥተው ፊታቸውን ወደዚያ ስላዞሩ፣ ባለ መስታወቱ ዲኤስኤልአር ረክሷል። የምስሉ ጥራት ግን አልቀነሰም። ካነን ሪቤል ቲ6 (2016፣ 18 ሜጋፒክሰል) ወይም ኒከን ዲ3300 (2014፣ 24 ሜጋፒክሰል) ለጀማሪ ምንም አይወጣላቸውም። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ "1300ዲ ላክልኝ" ካላችሁ ግራ አይግባችሁ፤ ቲ6 ከአሜሪካ ውጭ የሚሸጥበት ስም ነው።

ካነን ከመረጣችሁ በ2015 የወጣው 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም አለ። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ትንሽ ያጠብቃል፤ ግድግዳ ድረስ ማፈግፈግ ይጠይቃል። ኒከን ከሆነ ለጠባብ ክፍል 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ጂ ይሻላል። ኒከን ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ቦዲያቸው ውስጥ የፎከስ ሞተር የላቸውም፤ ስለዚህ ረከስ ያለው 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ዲ ይገጠማል እንጂ በራሱ ፎከስ አያደርግም። ሌንሱ ላይ ኤኤፍ-ኤስ የሚል ጽሑፍ ፈልጉ።

የት ይገዛል? እኛ ዕድለኞች ነን፤ ያገለገሉ ካሜራዎችን በመሸጥ የታወቀው ኬኢኤች ያለው እዚሁ አትላንታ አጠገብ፣ ስምርና ውስጥ ነው። ዕቃውን መርምሮ በደረጃ ይሸጣል። ከግለሰብ መግዛት ይረክሳል፤ ግን ምርመራው የእናንተ ነው። ቀን፣ ሰው ባለበት ቦታ ተገናኙ፤ የራሳችሁን ኤስዲ ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። የስልክ መብራት በሌንሱ ውስጥ አሳልፉና እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነውና ተዉት። አፐርቸሩን ኤፍ 22 ላይ አድርጋችሁ ሰማዩን አንሱ፤ ሴንሰሩ ላይ ያለ ቆሻሻ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ኒከን ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደተመታ ፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፋል፤ ኤግዚፍቱል በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይነበባል። የካነን ሪቤሎች አብዛኞቹ አይጽፉትም። የአክስቴ ልጅ ቲ6 ከነ18-55ቱ 170 ዶላር አገኘ፤ ያገለገለ 50 ሚሊሜትር ጨምሮ ለካርድም ተረፈው።

ደህና ስልክ ካላችሁና የምታነሱት ቀን ደጅ ላይ ከሆነ ግን ምንም አትግዙ። ከምሬ ነው።

ካሜራው እጃችሁ ከገባ በኋላ አማርኛ ለምንጠቀም ሰዎች ሁለት ነገር አለ። ቀኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሙሉት። የእኛን ዓመት ብታስገቡ ፎቶዎቻችሁ ከስልኩ ፎቶዎች 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ተሰልፈው ይቀመጣሉ፤ ጳጉሜንንም ካሜራው አያውቃትም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ኤግዚፍ የሰዓት ክልል መመዝገብ የጀመረው በ2016 በወጣው 2.31 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ ካሜራዎች ሰዓቱን ብቻ ይጽፋሉ። የአትላንታን ሰዓት እንደያዛችሁ አዲስ አበባ ብታነሱ 7 ወይም 8 ሰዓት ይሳሳታል፤ ቦሌ ስትደርሱ ቀይሩት።

ሁለተኛው የስማችሁ ጉዳይ ነው። የኤግዚፍ የባለቤት መስክ ለዓመታት አስኪ ብቻ ስለነበር "አበበ" ብሎ መጻፍ አይቻልም ነበር። በ2023 የወጣው ኤግዚፍ 3.0 ዩቲኤፍ-8 ፈቅዷል፤ እነዚህ አሮጌ ካሜራዎች ግን አያውቁትም። መፍትሔው ፎቶዎቹ ኮምፒውተር ላይ ከገቡ በኋላ ኤክስኤምፒ ውስጥ ክሪኤተር የሚለውን መስክ በኤግዚፍቱል መሙላት ነው። ኤክስኤምፒ ዩኒኮድ ስለሆነ ፊደላችንን እንዳለ ይይዛል፤ ሙሉ ፎልደርም በአንድ ትዕዛዝ ያልቃል።