መልካም የአደን ባልንጀራ

በአሜሪካ አገር ተርኪ የሚባል ትልቅ የዱር ወፍ አለ። መልኩ ዶሮ ይመስላል፤ ነገር ግን ከዶሮ እጅግ ይበልጣል፤ ከወንዶቹ 10 ኪሎ የሚመዝን ይገኛል። የወንዱ ራስ ላባ የለውም፤ ቀይ፥ ነጭና ሰማያዊ ቀለም ይታይበታል። ከደረቱም ላይ ጢም የሚመስል ጠጕር ይንጠለጠላል። ዓይኑ የሰላ ነው፤ ጆሮውም ከሩቅ ይሰማል።

ብርዱ አልፎ ዛፎች ሲያቈጠቍጡ፥ በሚያዝያ ወር፥ ሰዎች ይህን ወፍ ያድናሉ። አዳኙ ቅጠል የሚመስል ልብስ ለብሶ፥ ገና ሳይነጋ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል። የሴቲቱንም ድምፅ እያስመሰለ ወንዱን ይጠራዋል። ነገር ግን ይህ ጥበብ አደጋ አለበት። ሌላ አዳኝ ድምፁን ሰምቶ፥ ወፍ መስሎት ሊተኩስ ይችላል። በእንዲህ ያለ ስሕተት የቈሰሉና የሞቱ ሰዎች አሉ። ስለዚህ አዳኝ ከጠመንጃው ይልቅ ባልንጀራውን አጥብቆ ሊመርጥ ይገባዋል።

በሚዙሪ አገር አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበረ። ሁለት ጐልማሶች ከእርሱ ጋር ለማደን ለመኑት። አንደኛው ዒላማ የማይስት ነበረ፤ ሁለተኛው ግን ዝምተኛና ዝግተኛ ነበረ። ሽማግሌውም፦ «ጎሕ ሲቀድ የወፉን ድምፅ ብትሰሙ፥ ከቍጥቋጦም ውስጥ ቀይ ነገር ብታዩ፥ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው።

አንደኛው፦ «ፈጥኜ እተኩሳለሁ፤ ከዘገየሁ ይሸሻል» አለ።

ሁለተኛው፦ «አባቴ፥ ራሱንና ጢሙን አጥርቼ ሳላይ አልተኩስም፤ ከሸሸም ይሽሽ» አለ።

ሽማግሌውም ሁለተኛውን መረጠ። አንደኛውንም፦ «ልጄ፥ እጅህ መልካም ነው፤ ትዕግሥት ግን ገና አልተማርህም» አለው። እርሱም ተቈጥቶ ሄደ።

በማግሥቱ ሽማግሌውና ዝምተኛው ጐልማሳ በጨለማ ወጥተው፥ ከተስማሙበት ዛፍ ሥር ጐን ለጐን ተቀመጡ። ሰማዩ ሲቀላ፥ 40 ርምጃ ያህል ርቆ ካለ ቍጥቋጦ የወፍ ድምፅ ተሰማ። ጥቂት ቈይቶም ቀይ ነገር ተንቀሳቀሰ። ጐልማሳው ጠመንጃውን አላነሣም፤ ዓይኑን ተክሎ ጠበቀ። ጢም አላየም፤ ክንፍም አላየም። በመጨረሻ በታላቅ ድምፅ፦ «እዚህ ሰው አለ!» ብሎ ጮኸ።

ከቍጥቋጦውም አንድ ሰው ብድግ አለ። ሽማግሌው ያልመረጠው ጐልማሳ ነበረ። ብቻውን መጥቶ ወፍ ሲጠራ ሳለ፥ በቀይ መሐረብ ፊቱን ይጠርግ ነበር። የሆነውን በተረዳ ጊዜ ጕልበቱ ተብረከረከ። «እኔ በአንተ ስፍራ ብሆን ተኵሼ ነበር» አለው።

በዚያ ቀን አንድም ወፍ አልተገደለም፤ ሦስቱ ሰዎች ግን በሕይወት ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም። መልካም ባልንጀራ ብዙ የሚገድል አይደለም፤ እስኪያጣራ ድረስ እጁን የሚገታ ነው።

ጥያቄ።
1. ሽማግሌው ዒላማ የማይስተውን ጐልማሳ ስለ ምን አልመረጠውም?
2. ቀዩ ነገር ምን ነበረ?
3. መልካም ባልንጀራ በምን ይታወቃል?