የወላጆቻችንን መድኃኒትና ቫይታሚን ለጉዞ ስናሰናዳ

በዕረፍት ጊዜ ብዙዎቻችን ወላጆቻችንን ወይም አያቶቻችንን ይዘን ወደ ኢትዮጵያ እንሄዳለን። ትኬት መቁረጡም፣ ፎርም መሙላቱም፣ ሻንጣ መመዘኑም የእኛ ሥራ ነው። መድኃኒቱ ግን በመጨረሻው ሌሊት ይታሰብና ቦታ እንዳይዝ ከካርቶኑ ወጥቶ በአንድ ፌስታል ይጠቀለላል። የዚህ ትምህርት ቁም ነገር አንድ ነው፦ ክኒን ከስሙ አይለይ። እናታችን በድንገት ቢታመሙ ሐኪሙ የሚያነበው ያንን ስም ነው።

1. ስሙ አብሮ ይሂድ
የሳምንት ክኒን መያዣ ሳጥን ለቤት ጥሩ ነው፤ ለጉዞ ግን ብቻውን አይበቃም። ክኒኑን ከነካርቶኑ ያዙ። ፋርማሲው የሚለጥፈው ወረቀት በዕብራይስጥ ስለሆነ ጎንደር ያለች ነርስ ልታነበው አትችልም። ስለዚህ ከቁፓት ሖሊም ሐኪማችሁ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዝርዝር ጠይቁ፤ የንግድ ስሙ ብቻ ሳይሆን የመድኃኒቱ ዋና ስም፣ መጠኑና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ይኑርበት። ያለ ትእዛዝ የተገዛው ቫይታሚንም ይጻፍ።

2. በእጅ ወይስ በጭነት?
በየቀኑ የሚወሰደው ሁሉ በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ የጭነት ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል። ኢንሱሊን በጭነት ክፍል በረዶ ሊሆን ይችላል፤ አንዴ በረዶ ከሆነ ደግሞ ቢቀልጥም አይወሰድም። በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሚይዝ ዕቃ ያለ ፈሳሽ በእጅ አያልፍም። ሐኪም ያዘዘውን ፈሳሽ ከነማስረጃው ለፈታሹ አሳዩ፤ የቫይታሚን ሽሮፑን በጭነት ላኩት።

3. ቁጥሩና ሰዓቱ
በአንዱ ጠርሙስ ላይ ቫይታሚን ዲ 1000 ዩኒት፣ በሌላው 25 ማይክሮግራም ይላል። ሁለቱ አንድ ናቸው፤ የተለያየ መስሎን እጥፍ እንዳናስወስድ። የብረት ክኒን ከቡና ጋር ከተወሰደ ሰውነት የሚያገኘው ብረት ይቀንሳል፤ እንግዳ በተጠራበት ቤት ከአቦል እስከ በረካ እየተጠጣ ይህ በቀላሉ ይረሳል። የታይሮይድ ክኒን (ሌቮታይሮክሲን) የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ከብረትና ከካልሲየም በ4 ሰዓት ያህል ሊያራርቁት ይገባል።

በሰዓት አጻጻፍም ተጠንቀቁ። እስራኤል ውስጥ 8:00 ብለን የምንጽፈው በአገር ቤት አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ነው። «ጠዋት ከቁርስ በኋላ» ብላችሁ ብትጽፉ ማንም አይሳሳትም።

4. ዘመድ ሲጠይቅ
«ከዚያ ከእስራኤሉ ቫይታሚን ትንሽ ስጡኝ» መባሉ አይቀርም። እናቶቻችንም እምቢ ማለት ያፍራሉ፤ የወር መድኃኒታቸውም በሳምንት ያልቃል። ለስጦታ የሚሆን ያልተከፈተ ጠርሙስ ለብቻው ግዙ፤ ሐኪም ያዘዘው ግን ለማንም አይሰጥ። የአዋቂ የብረት ክኒን ትንሽ ልጅ ብዙ ከዋጠው ሊገድለው ስለሚችል፣ ሕፃናት ባሉበት ቤት ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጥ።

የቤት ሥራ
ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ክኒኖቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና «ይኼ ለምንድን ነው? እንዴት ነው የሚወስዱት?» ብላችሁ ጠይቁ። ወረቀቱን ከማንበባችሁ በፊት እሳቸው ይናገሩ። በሶሻል ወርክ ትምህርት ስለ ሕይወቱ መጀመሪያ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። የሚሉት ከወረቀቱ ጋር ካልገጠመ አትቆጡ፤ ልዩነቱን ጻፉና ለሐኪሙ አብራችሁ ውሰዱት።