የልደትን መዝሙር በማስተዋል መስማት



የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል ሲቃረብ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ እኛ የሚደርሰው መዝሙር ነው። ቤቱ ሳይጸዳ፣ ዳቦው ሳይደፋ፣ የበዓሉ ዜማ በሬዲዮና በቴሌቪዥን፣ በእጅ ስልክ፣ በሱቅና በሆቴል ደጃፍ ይሰማል። በከተሞቻችን በአውሮጳውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ቀን በሚውለው በዓልና እኛ ታኅሣሥ 29 ቀን በምናከብረው በዓል መካከል ሁለት ሳምንት ያህል ስላለ፣ ይኸው ዜማ ለብዙ ቀናት በጆሯችን ይመላለሳል። ከዚህም የተነሣ የልደት ሌሊት ደርሶ በቤተ ክርስቲያን የመላእክት ምስጋና በሚዜምበት ሰዓት፣ ጆሯችን ጠግቦ ልባችን ግን ተርቦ እንገኛለን።

ስለዚህ በዚህ እትም አንድ ጥያቄ እናንሣ፤ የልደትን መዝሙር እንዴት እንስማ? ጥያቄው ስለ ሙዚቃ ምርጫ ብቻ የተነሣ አይደለም። ልጆቻችን የሥጋዌን ምሥጢር የሚማሩት ከካቴኪስቱ አንደበት ብቻ አይደለም፤ በየዕለቱ ከሚሰሙት ዜማም ይማሩታል። ዜማው ባዶ ከሆነ ትምህርቱም ባዶ ይሆናል። እንግዲህ የምንነጋገረው እምነትን ለልጅ ስለ ማስተላለፍ ነው።

1. መስማት ተሳትፎ ነው

ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 2 የጻፈውን በጥንቃቄ ብናነብ፣ በዚያች ሌሊት የእረኞቹ የመጀመሪያ ሥራ መዘመር ሳይሆን መስማት መሆኑን እናስተውላለን። እረኞቹ መንጋቸውን ሲጠብቁ የመላእክትን ቃል ሰሙ (ሉቃ. 2፥8-14)፤ ከሰሙም በኋላ ፈጥነው ሄዱ (2፥15-16)፤ ስለ ሕፃኑ የተነገራቸውን ለሌሎች ገለጡ (2፥17)፤ በመጨረሻም እግዚአብሔርን እያመሰገኑ ተመለሱ (2፥20)። እመቤታችን ድንግል ማርያም በበኩሏ ይህን ሁሉ በልቧ ትጠብቀውና ታሰላስለው ነበር (2፥19)። የእረኞቹ መስማት በመሄድና በመመስከር አልፎ ምስጋና ሆነ፤ የእመቤታችን መስማት ደግሞ ወደ ማሰላሰል ጠለቀ። ሁለቱም መንገዶች ለእኛ አርአያ ናቸው።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ቅዱስ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ የምእመናንን ንቁ ተሳትፎ አጥብቆ አሳስቧል። አንዳንዶች ይህን ድምፅን ከፍ አድርጎ መዘመር ብቻ አድርገው ተረድተውታል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው «ሙዚካም ሳክራም» የተባለው መመሪያ፣ በቁጥር 15፣ ምእመናን አገልጋዮቹ ወይም መዘምራኑ ከሚዘምሩት ጋር በውስጣቸው እንዲተባበሩ፣ በማዳመጥም ልቡናቸውን ወደ እግዚአብሔር ከፍ እንዲያደርጉ መማር እንደሚገባቸው ያስገነዝባል። ስለዚህ በጸጥታ የሚያዳምጥ ምእመን ከምስጋናው ውጭ የቆመ ተመልካች አይደለም። ሆኖም ማዳመጥ ራሱ የሚማሩት ነገር ነው፤ ድምፅ ወደ ጆሮ የገባ ሁሉ ወደ ልብ ደርሷል ማለት አይደለምና።

2. ለዜማም ጊዜ አለው

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን የልደትን ደስታ በድንገት አትሰጠንም፤ አስቀድማ በተስፋ ታስጠብቀናለች። በላቲን ሥርዓተ አምልኮ አራቱ የዘመነ ምጽአት እሑዶች የመጠባበቂያ ጊዜ ናቸው። በእነዚህ እሑዶች ግሎሪያ በመባል የሚታወቀው የመላእክት ምስጋና አይዜምም። የሮማ መጽሐፈ ቅዳሴ አጠቃላይ መመሪያም በቁጥር 313፣ በዚህ ወቅት ኦርጋንና ሌሎች የሙዚቃ መሣሪያዎች በልክ እንዲያገለግሉ፣ የልደት ሙሉ ደስታም ከጊዜው ቀድሞ እንዳይገለጥ ያሳስባል። ግሎሪያ የሚታቀበው በልደት ሌሊት እንደ አዲስ ዜና እንዲሰማ ነው።

በግእዝ ሥርዓት ደግሞ ከልደት በፊት የሚገኙት ሦስቱ ሳምንታት ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። ስማቸው ራሱ ትምህርት ነው። ነቢያት ስለ መሲሑ መምጣት ሰበኩ፤ በጨለማ የነበረ ሕዝብ ብርሃንን ናፈቀ፤ የተበተነው መንጋም እረኛውን ጠበቀ። እያንዳንዱ ሳምንት የራሱ ምስጋና አለው፤ የልደቱም ምስጋና ተራውን ይጠብቃል። ያልናፈቀ ሰው የሚናፈቀው ሲመጣ እንደሚገባ አይደሰትምና፣ መጠበቅ የደስታው ክፍል ነው።

የገበያው አሠራር ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ሳምንታት ቀድሞ ይጀምራል፤ በበዓሉ ማግሥትም ያቆማል። ለቤተ ክርስቲያን በዚያች ዕለት ወቅቱ ገና መጀመሩ ነው። በላቲን ሥርዓት ዘመነ ልደት ጌታ እስከ ተጠመቀበት በዓል ይዘልቃል፤ በግእዝ ሥርዓትም የልደት ምስጋና እስከ ጥምቀት መዳረሻ ይቀጥላል። እንግዲህ በየቤታችን ይህን ሥርዓት ብንከተል መልካም ነው፤ በዝግጅቱ ሳምንታት የነቢያትን ናፍቆትና የእመቤታችንን ውዳሴ የያዙ መዝሙሮችን እንስማ፤ የልደቱን መዝሙር ከዋዜማው ምሽት ጀምረን እስከ ጥምቀት አናቋርጥ። ይህን ስንል አስቀድመው የሚለማመዱትን መዘምራን አንነቅፍም፤ እነርሱ ማዕዱን የሚያሰናዱ ናቸውና።

3. ቃሉ ምን ይላል?

የበዓል ዜማ ሁሉ የልደት መዝሙር አይደለም። በየሱቁ የምንሰማው «ጂንግል ቤልስ» የተባለው ዘፈን ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። ጄምስ ሎርድ ፒርፖንት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1857 ያሳተመው ይህ ዘፈን በፈረስ ተስቦ በበረዶ ላይ ስለሚንሸራተት ተሽከርካሪ አልባ ጋሪና ስለ ወጣቶች ጨዋታ ይናገራል። ስለ ቤተ ልሔም፣ ስለ ሕፃኑም ሆነ ስለ በዓሉ በቃሉ ውስጥ አንዳች አይገኝም። ንጹሕ ጨዋታ ነውና ልጆች ቢደሰቱበት ኃጢአት አይሆንባቸውም። ነገር ግን አንድ ልጅ ስለ ልደት የሚያውቀው ዜማ ይህ ብቻ ከሆነ፣ በዓሉን ያውቃል፣ የበዓሉን ጌታ ግን አያውቅም። ጉዳቱ ይህ ነው።

ከዚህ ጋር «ጸጥ ያለች ሌሊት» እየተባለ የሚታወቀውን መዝሙር እናስተያይ። ግጥሙን እ.ኤ.አ. በ1816 የጻፈው ዮሴፍ ሞር የተባለ ወጣት ኦስትሪያዊ ካህን ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 1818 በዛልስቡርግ አቅራቢያ በምትገኘው ኦበርንዶርፍ፣ የመምህሩ የፍራንዝ ክሳቨር ግሩበር ዜማ ተጨምሮለት፣ በቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱ በጊታር ታጅበው ለመጀመሪያ ጊዜ ዘመሩት። አይጦች ኦርጋኑን ስለ በሉት ተዘመረ የሚለው ወሬ በኋላ የተጨመረ ተረት ነው። እውነቱ ከተረቱ ይበልጣል፤ የናፖሌዎን ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመታት ብቻ ባለፉት ድኻ አካባቢ አንድ ካህንና አንድ የመንደር መምህር ለሕዝባቸው ሰላምን ዘመሩ። መዝሙሩ ስድስት አንቀጽ አለው፤ በብዙ ሥፍራ የሚዘመሩት ግን ሦስቱ ናቸው። ከተዘነጉት አንዱ ኢየሱስ የዓለምን ሕዝቦች እንደ ወንድም ማቀፉን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1914 በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በልደት ዋዜማ፣ በምዕራቡ ግንባር በተለያዩ ሥፍራዎች የጠላት ወታደሮች ከየምሽጋቸው የልደት መዝሙር ሲሰማሙ ተኩስ ማቆማቸው በታሪክ ተመዝግቧል። ቃሉን የሰማ ጆሮ እጅን ከመሣሪያ ሊያስለቅቅ ይችላል።

ሌላው ምሳሌያችን የቤተ ክርስቲያን መምህር የሆነው ቅዱስ አልፎንሶስ ሊጎሪ ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1754 እንደ ደረሰው የሚነገርለትና እስከ ዛሬ በጣሊያን በየቤቱ የሚዘመረው የልደት መዝሙር፣ የሰማይ ንጉሥ ወደ ብርዳም ዋሻ መውረዱን፣ ዓለምን የፈጠረው ልብስና እሳት ማጣቱን ያስተነትናል። ቅዱሱ ሕዝቡን የሥጋዌን ትምህርት ያስተማረው ሕፃንም አሮጊትም ሊዘምረው በሚችል ቀላል ዜማ ነበር። ካቴኪስት ሁሉ ከእርሱ ሊማር ይገባል።

4. የአባቶቻችን ቅርስ

ከሩቅ አገር የመጣውን መልካም መዝሙር ስንቀበል በእጃችን ያለውን መዘንጋት አይገባንም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም እንደ ነበረ የሚነገርለት ቅዱስ ያሬድ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉት ሦስት ዜማዎች ምስጋናን አደራጅቶልናል፤ በድጓውም ለየወቅቱና ለየበዓሉ የሚገባውን ዜማ መድቧል። ይህ ቅርስ የግእዝን ሥርዓት የምንከተል ካቶሊካውያን ከኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ጋር በጋራ የምንጠብቀው ሀብት ነው።

በልደት ዕለት በላሊበላ የሚፈጸመውን «ቤዛ ኵሉ» የተባለውን ሥርዓት የተመለከተ ሰው የማዳመጥን ትርጉም በዓይኑ ያያል። በቤተ ማርያም ዙሪያ ከሚገኘው የዐለት አፋፍ ላይ ካህናትና መዘምራን ይቆማሉ፤ ሌሎች ደግሞ ከታች በግቢው ይሰለፋሉ፤ ከላይና ከታች እየተቀባበሉ ያመሰግናሉ። የላይኞቹ መላእክትን፣ የታችኞቹ እረኞችን ይመስላሉ። አንዱ ወገን ሲያዜም ሌላው ያዳምጣል፤ ያዳመጠውንም ይመልሳል። ያላዳመጠ ተቀብሎ ሊመልስ አይችልም።

ጉባኤው በ1963ቱ ሰነድ፣ በቁጥር 119፣ በተለይ በወንጌል ተልእኮ አገሮች ሕዝቦች የራሳቸው የሙዚቃ ወግ ያላቸው በመሆኑ፣ ይህ ወግ ተገቢው ክብር እንዲሰጠው አሳስቧል። በወላይትኛ፣ በሲዳምኛ፣ በሐዲይኛ፣ በከምባትኛ፣ በጉራጊኛና በኦሮምኛ የሚዘመር የልደት መዝሙር ከውጭ ዜማ ያነሰ አይደለም። እናት ለልጇ በምታንጎራጉርበት ቋንቋ የተዘመረ መዝሙር ስለ ሕፃኑ ኢየሱስ በቀጥታ ለልብ ይናገራል።

5. ከመሣሪያ ወደ አንደበት፣ ከአንደበት ወደ ሥራ

በመሣሪያ የተቀረጸ መዝሙር ታላቅ ጥቅም አለው። በዐረብ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ብዙ እኅቶቻችን በልደት ዕለት ዕረፍት አያገኙም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድም የማይፈቀድላቸው አሉ። ሌሊት ሥራቸውን ጨርሰው በእጅ ስልካቸው ቀስ አድርገው የሚያዳምጡት አንድ መዝሙር ከቁምስናቸውና ከቤተ ሰባቸው ጋር የሚያስተሳስራቸው ክር ነው። በሆስፒታል ለተኛ፣ በእስር ላለ፣ ከእርጅና የተነሣ ከቤት ለማይወጣ ምእመንም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ማንም የተቀረጸን መዝሙር አይናቅ።

ነገር ግን መሄድ የምንችል ሰዎች መሣሪያውን የአንደበታችን ምትክ ልናደርገው አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ቅዱስ ሙዚቃ የወጣው መመሪያ በሥርዓተ አምልኮ ጊዜ የተቀረጸን ድምፅ በመሣሪያ ማሰማትን የከለከለው በምክንያት ነው፤ ምስጋና ሕያው ሰው ለሕያው አምላክ የሚያቀርበው መሥዋዕት ነውና። የቁምስና መዘምራን ድምፅ እንደ ተቀረጸው የተዋበ ባይሆንም እንኳ፣ በልደት ሌሊት የሚቀርበው እርሱ ነው። በየመንደሩም የድምፅ ማጉያውን ከልክ በላይ ከፍ አድርገን የታመመን ጎረቤት ዕረፍት የምንነሣ ከሆነ፣ ለሰላም አለቃ የዘመርነው መዝሙር ሰላምን ነሣ ማለት ነው።

እረኞቹ ሰምተው አልተቀመጡም፤ ሄደዋል። የልደት መዝሙር ስለ ግርግምና ስለ ማደሪያ ማጣት ከነገረን በኋላ፣ ማደሪያ ያጣውን፣ የራበውንና ብቻውን በዓል የሚውለውን ጎረቤት ካልጎበኘን፣ መዝሙሩን ገና አልሰማነውም።

6. ለካቴኪስቶች

በዝግጅቱ ሳምንታት በእያንዳንዱ ሳምንት አንድ መዝሙር ብቻ ይመረጥ። በመጀመሪያ ቃሉ ያለ ዜማ በዝግታ ይነበብ፤ በግእዝ ከሆነ ትርጉሙ ይነገር። ቀጥሎ ለአንድ ደቂቃ ጸጥታ ይሁን። ከዚያ መዝሙሩ ይደመጥ፤ በመጨረሻ ሁሉም በአንድነት ይዘምሩት። የልደቱ መዝሙር ራሱ ለዋዜማው ይቆይ። ለውይይትም የሚከተሉት ጥያቄዎች ይጠቅማሉ፦

ሀ. ይህ መዝሙር የመጣው ማን ነው ይላል? የመጣውስ ለማን ነው?

ለ. ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የትኛውን ቃል ያስታውሰናል?

ሐ. በቤታችን የልደት መዝሙር የሚጀመረውና የሚያበቃው መቼ ነው? ከቤተ ክርስቲያን ወቅት ጋር ይስማማልን?

መ. ይህን መዝሙር ከሰማን በኋላ በዚህ ሳምንት ወደ ማን ቤት እንሂድ?

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በዘንድሮው ልደት ከብዙ መዝሙር ጥቂቱን፣ ጥቂቱንም በሙሉ ልባችን እንስማ። እመቤታችን የሰማችውን በልቧ እንደ ጠበቀች እኛም እንድንጠብቅ፣ እረኞቹም እያመሰገኑ እንደ ተመለሱ እኛም ወደ ሥራችንና ወደ ጎረቤቶቻችን እያመሰገንን እንድንመለስ፣ ስለ እኛ ሰው የሆነው ጌታ ይርዳን። አሜን።